ሲሰማ እዚህ፣ ሲገኝ እዚያ፦ በቤተሰብ መኪና የሱስፔንሽን ድምፅ ምርመራ ላይ የቀረበ አጭር ጥናታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

በመርካቶ ሸማ ተራ የሚሠራ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የቤተሰብ መኪና ሁለት ዓይነት ኑሮ ይኖራል። በሥራ ቀናት የኋላ ወንበሩ ታጥፎ ጣቃና ቦንዳ ይጫንበታል፤ በሰንበት ያው ወንበር ተመልሶ ልጆችና አያት ይቀመጡበታል። ገበያው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ፍጥነቱ ከእግረኛ እምብዛም አይበልጥም። ለተሸካሚና ለጋሪ ሲባል መሪው በየጥቂት ሜትሩ ይዞራል፤ ፍሬኑ በየደቂቃው ይያዛል። ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሸጋገር የሱስፔንሽኑ መገጣጠሚያዎች ዕረፍት የላቸውም። ከጊዜ በኋላ አንድ ድምፅ ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ድምፅ ይመለከታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ድምፁ ከየት ይመጣል? በተለመደው አሠራር ግን መልሱ የሚፈለገው በምርመራ ሳይሆን በግዢ ነው። ባለመኪናው «ከፊት በግራ በኩል ገጭ ገጭ ይላል» ይላል፤ መካኒኩ አሞርዛተር ነው ብሎ ይገምታል፤ እዚያው መርካቶ ውስጥ ካለው ከሶማሌ ተራ አሞርዛተር ይገዛል፤ ይገጠማል፤ ድምፁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመለሳል። የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ የሚገልጸው የሱቅ ማሳሰቢያ ደግሞ የግምቱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ በገዢው ላይ ይጥለዋል።

ይህ ልማድ ድሮም ውድ ነበር፤ ዛሬ ይበልጥ ከብዷል። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አብሮ ተነሣ። እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች አንድ ላይ ሲታዩ በእጅ ያለችውን መኪና ረዘም ላለ ዘመን ማኖር የቤተሰብ የኢኮኖሚ ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ሁለት ነገር ይዟል። ጆሮ የሚጠቁመው ቦታና ብልሽቱ ያለበት ቦታ የሚለያዩት በአጋጣሚ ሳይሆን በታወቀ ፊዚካዊ ምክንያት ስለሆነ፣ መመርመር ያለበት ድምፁ የተሰማበት ሥፍራ ሳይሆን ድምፁን የቀሰቀሰው የጭነት ዓይነት ነው። ከዚህ ጋር የድምፁ ጉልበት የአደጋው ልክ አይደለም፤ ከሁሉ የሚጮኸው ክፍል ብዙ ጊዜ ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው ሲሆን፣ ሕይወት የሚያጠፋው ክፍል እስከ መጨረሻው ዝም ሊል ይችላል።

ጆሮ ለምን ይታለላል

ሰው የድምፅን አቅጣጫ የሚለየው በዋናነት ድምፁ ሁለቱ ጆሮዎቹ ዘንድ በሚደርስበት የጊዜና የጉልበት ልዩነት ነው። የጊዜ ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ስሌት በሜዳ ላይ ይሠራል፤ በመኪና ውስጥ ግን ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። የመጀመሪያው መስታወቱና ጣሪያው ናቸው፤ ድምፁ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ከየአቅጣጫው ነጥሮ ስለሚመለስ ጆሮ ቀዳሚውን ከተከታዩ ለመለየት ይቸገራል። ሁለተኛውና ዋናው የመኪናው አካል ራሱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በብረት ዘንግ ውስጥ ወደ 5,000 ሜትር ይጓዛል። በስስ ላሜራ ላይ የሚሄደው የመታጠፍ ሞገድ ፍጥነት እንደ ድግግሞሹ ቢለያይም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፦ ከጎማው አካባቢ የተነሣ ምት በብረቱ በኩል ሲሰራጭ ወለሉ፣ በሩና ዳሽቦርዱ አብረው ይርገበገባሉ። ተሳፋሪው የሚሰማው ብልሽቱን ሳይሆን በቅርቡ ያለውን ላሜራ ነው።

አሞርዛተር ሁልጊዜ ቀዳሚው ተጠርጣሪ የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል። በአዲስ አበባ በብዛት የምትታየውን የቶዮታ ራቭ4 ሦስተኛ ትውልድ እንውሰድ። የፊት ሱስፔንሽኗ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የነደፈውን ቅርጽ የተከተለ ነው። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ቋሚ ምሰሶ ይሆናሉ፤ የምሰሶው ራስ በኮፈኑ ሥር ከመኪናው አካል ጋር በጎማ መቀመጫ ይታሰራል፤ የታችኛው ጫፍ ከጎማው መያዣ ጋር ይጣመራል፤ ጋራዦች ሎወር አርም የሚሉት የታችኛው ክንድ ደግሞ መያዣውን በቦል ጆይንት ይይዘዋል። የስታቢላይዘሩ ሊንክ የሚታሰረውም በዚሁ ምሰሶ ላይ ነው። እንግዲህ ሊንኩ ቢላላ፣ የላይኛው መቀመጫ ቢሰነጠቅ፣ አሞርዛተሩ ቢደክም፣ ከምቱ አብዛኛው ወደ አካሉ የሚገባው በአንድ በር፣ በምሰሶው ራስ በኩል ነው። ጆሮ ያንን በር ያመለክታል፤ ከበሩ ጀርባ ካሉት ከሦስቱ የትኛው እንዳንኳኳ ግን አይናገርም።

የባለመኪናው ቃል እንደ መረጃ

አማርኛ ለዚህ ምርመራ ያልተጠቀምንበት ሀብት አለው። «አለ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚጣመሩት ድምፅ አስመሳይ ቃላት፣ ባለመኪናው ሳያውቀው፣ የድምፁን ባሕርይ በጥሩ ሁኔታ ይመዘግባሉ። «ዱብ አለ» የሚለው ዝቅ ያለ፣ ጎማ ለበስ የሆነ ምት ነው፤ «ገጭ አለ» ብረት ከብረት መገናኘቱን ይናገራል፤ «ሲጥ ሲጥ ይላል» ጎማ በብረት ላይ መንሸራተቱን ይጠቁማል። ቃሉ መደጋገሙም ትርጉም አለው። «ገጭ አለ» እና «ይንገጫገጫል» አንድ በሽታ አይደሉም። የመጀመሪያው ጭነቱ አቅጣጫ ሲቀይር አንድ ጊዜ የሚከሰት ነው፤ ሁለተኛው በየንዝረቱ የሚደጋገም ልል መገጣጠሚያ ነው።

ስለዚህ መርማሪው የባለመኪናውን ቃል ወደ ቴክኒክ ቋንቋ ለመተርጎም ከመቸኮሉ በፊት እንደተነገረው ይመዝግበው፤ ቀጥሎም መቼ እንደሚሰማ ይጠይቅ። ጠዋት ብቻ ከሆነ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ የጠነከረ ጎማ ይጠረጠራል። በክረምት ጠፍቶ በጥቅምት የተመለሰ ሲጥሲጥታ ብዙዎች «ራሱ ተሻለው» የሚሉት ነው፤ ነገር ግን የዝናቡ ውሃ የደረቀውን ቡሽ አለስልሶት ነበር እንጂ አልዳነም። ዕቃ ሲጫን ብቻ የሚሰማ ከሆነ ወደ ኋላው ሞላና ወደ መገቻ ጎማዎቹ ይመራል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ምናልባት ጉዳዩ የሱስፔንሽን ላይሆን ይችላል።

(በነገራችን ላይ የጋራዡ ቋንቋ የመርካቶን ታሪክ ይዞ ይገኛል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለአገሬው ሕዝብ የከለሉት ገበያ ስሙን ከነሱ እንደወሰደ ሁሉ፣ ሞላ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ የሚሉት ስሞችም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሊንክ፣ ቡሽና ቦል ጆይንት ግን በኋላ ዘመን ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው። መካኒኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ሲቀላቅል የሁለት ዘመን መኪና ያወራል።)

መንገዱ እንደ መፈተሻ መሣሪያ

የጭነቱን ዓይነት ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ መንገድ ራሱ ሁለት በጣም የተለያዩ መፈተሻዎችን ያቀርባል፦ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ።

የድንጋዮቹ እርቀት ከመሀል እስከ መሀል 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው እንበል። መኪናዋ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 4.2 ሜትር ገደማ ስትጓዝ እያንዳንዱ ጎማ በሰከንድ 42 ጊዜ ያህል ይመታል። የመኪናው አካል በሞላው ላይ የሚወዛወዝበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ግን ከ1 እስከ 1.5 ሄርትዝ፣ ጎማው ራሱ የሚዘልበት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሄርትዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ኮብልስቶን አካሉን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም፤ አሞርዛተሩም ብዙ አይሄድም። የሚፈጥረው ነገር ትንንሽ፣ ፈጣን፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያልተቀናጀ ንዝረት ነው። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ እዚህ ላይ ይጮኻል።

ጉብታው ተቃራኒው ነው። ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ጉብታ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ለአንዱ አክስል አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህም ከአካሉ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ጋር ይቀራረባል። እዚህ ላይ ረጅም ርቀት የሚሄዱት አሞርዛተሩ፣ ሞላው፣ የላይኛው መቀመጫና የታችኛው ክንድ ቡሾች ናቸው።

የምርመራው ልብ ግን በጉብታው ላይ የሚደረግ አንድ ትንሽ ልዩነት ነው። ስታቢላይዘር የሚሠራው የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ መጠን ሲነሡ ብቻ ነው። መኪናዋ ጉብታውን ቀጥ ብላ ስትወጣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይነሣሉ፤ ዘንጉ በቡሾቹ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይጠመዘዝም፤ ሊንኮቹም ይህ ነው የሚባል ኃይል አያርፍባቸውም። ጉብታው በሰያፍ ሲወጣ ግን አንዱ ጎማ ቀድሞ ይነሣል፤ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ሊንኩ ይሳባል፤ ከዚያም አቅጣጫው ይገለበጣል። በቀጥታ ሲታለፍ ዝም ያለና በሰያፍ ሲታለፍ ገጭ ያለ መኪና ወደ ሊንኩና ወደ ስታቢላይዘሩ ማሰሪያ ይመራል። በሁለቱም ገጭ ካለ ጥርጣሬው ወደ ላይኛው መቀመጫ፣ ወደ አሞርዛተሩና ወደ ክንዱ ይሸጋገራል። ይህን ሙከራ ለማካሄድ አሥር ደቂቃና ሰው የማይበዛበት መንገድ ይበቃል። በሸማ ተራ በቀን መሞከር አይታሰብም፤ እሑድ ማለዳ ግን ገበያው ሳይሞላ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ሦስት ሙከራዎች ይህን ያሟላሉ። በኮብልስቶኑ ላይ እየተነዳ ፍሬኑን በጣም በቀላሉ መርገጥ የመጀመሪያው ነው፤ ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ሲንገጫገጭ የነበረው የፍሬን ሸራው ወይም ካሊፐሩ ነው፤ ሱስፔንሽኑ ነፃ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሄዶ ፍሬን መያዝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ እንዲሁ ማድረግ ሁለተኛው ነው፤ በእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ዱብ ካለ የታችኛው ክንድ የኋላ ቡሽ ወይም ክንዱን የተሸከመው ማቀፊያ ብሎኖች ይጠረጠራሉ። ሦስተኛው መኪናው ቆሞ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ነው። ሞላው ተጠምዝዞ በድንገት ሲለቀቅ የሚሰማ ድምፅ የምሰሶውን ራስ ኩሽኔታ ያመለክታል፤ እጅ ላይ በመሪው በኩል የሚሰማ ምት ደግሞ የመሪውን መካከለኛ ዘንግ ወይም የመሪ ሳጥኑን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኪናው መራገፍ አለበት። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ከፖርቶ መጋላው ላይ የላላ ብሎን፣ በኋላ በሩ ላይ የተንጠለጠለችው ስኮርታ፣ የማርሚታው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ሁሉም ሱስፔንሽን መስለው የሚቀርቡ ናቸው። የድምፁ ድግግሞሽ ከጎማው ዙር ጋር አብሮ የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነም ጉዳዩ ሌላ ነው። 225/65 የሆነና በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ የተገጠመ ጎማ ዙሪያው 2.3 ሜትር ያህል ስለሆነ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ከሁለት ተኩል ጊዜ ትንሽ ያነሰ ይዞራል፤ ይህ በጣት ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ምት የሚሄድ ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ዲስክ ወይም የጎማው ጉዳይ ነው።

መለካት ለሚሹ ተመራማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል። በስልክ ውስጥ ያለው የፍጥንጥነት መለኪያ በብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚወስደው ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ናሙና ነው። በ100 ናሙና ከ50 ሄርትዝ በላይ ያለውን ማየት አይቻልም፤ የብረት ምት ዋና ጉልበት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። በሌላ በኩል የዚያው ስልክ ማይክሮፎን 44,100 ናሙና ይወስዳል። ስለዚህ ፍጥንጥነቱ የመንገዱን ሁኔታ፣ ድምፁ ደግሞ ምቱን እንዲመዘግቡ አድርጎ ሁለቱን በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ማነጻጸር ይሻላል።

ከሥር ሲታይ

የመንገዱ ሙከራ ተጠርጣሪውን ያጠብባል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ከሥር ነው። የጋራዥ ስህተት በብዛት የሚፈጠረውም እዚሁ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ክፍል ሲሸከም፣ አንዳንዱ ሲንጠለጠል ብቻ ጉድለቱን ያሳያል።

ለማሳያ ያህል የሚከተለውን እናስብ። የፊት አሞርዛተሮቿ ሁለቱም የተቀየሩላት ራቭ4 ድምፁዋ አልጠፋም። በኮብልስቶን ላይ ትንገጫገጫለች፤ ፍሬን ሲነካ ለውጥ የለም፤ ጉብታን በቀጥታ ስታልፍ ዝም፣ በሰያፍ ስታልፍ ገጭ ትላለች፤ ቆማ መሪ ሲዞር ድምፅ የለም። ማስረጃው ሁሉ ወደ ሊንኩ ያመለክታል። መካኒኩ የግራውን ጎማ በክሪክ ያነሣና ሊንኩን ጨብጦ ይነቀንቀዋል፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያገኘዋል፤ ነፃ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ክንዱ ያዞራል።

የሆነው ነገር ይህ ነው፦ አንዱ ጎማ ብቻውን ሲንጠለጠል ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘው ዘንግ ሊንኩን በኃይል ስቦ ይይዘዋል፤ ክፍተቱ በዚያ ኃይል ይደበቃል። ሊንክ የሚፈተሸው ሁለቱም ጎማዎች መሬት ይዘው፣ ማለትም በጉድጓድ ወይም በመወጣጫ ላይ፣ አለዚያም ሁለቱም እኩል ተንጠልጥለው ነው። በዚህ መንገድ ሲታይ ያው ሊንክ በእጅ ይንቃቃል። ጥርጣሬ ከቀረ ሁለቱንም ሊንኮች ፈትቶ፣ ከሌላ ክፍል ጋር እንዳይነካኩ አስሮ፣ በዝግ ግቢ ውስጥ በእግረኛ ፍጥነት ጥቂት ሜትር መንዳት ይቻላል። መኪናዋ በመታጠፊያ ላይ ከወትሮው ይበልጥ ስለምታጋድል ይህ ሙከራ በምንም ምክንያት ወደ አውራ መንገድ መውጣት የለበትም።

የቦል ጆይንት አመረማመር ሌላ ነው። በማክፈርሰን ሱስፔንሽን የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ምሰሶው ስለሆነ የታችኛው ቦል ጆይንት የሞላ ጭነት የለበትም፤ ጎማው ተንጠልጥሎ በክንዱና በጎማው መያዣ መካከል መፈንቀያ ብረት ገብቶ ሲሞከር ክፍተቱ ይታያል። ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ በተቀመጠበት አሠራር ግን፣ በብዙ ትልልቅ የመስክ መኪኖች እንደሚታየው፣ ክሪኩ ከክንዱ ሥር ገብቶ ሞላውን ካልተሸከመለት በቀር ክፍተቱ አይታይም። ሁለቱን ሳይለዩ መፈተሽ የተበላሸውን ደኅና ያስብላል።

በማሳያችን መኪና ላይ ሊንኩ ከተገኘ በኋላ ሥራው አለቀ ብሎ መውረድ ያጓጓል። ነገር ግን እዚያው ላይ ሳለን የቦል ጆይንቱ አቧራ መከላከያ ጎማ ተቀዶ፣ ቅባቱ በጭቃ ተተክቶ፣ መፈንቀያው ሲገባ ክፍተት ቢያሳይስ? ይህ ክፍል አንዳችም ድምፅ አላሰማም ነበር። ጎማው መሬት ይዞ ሲሄድ የጎን ኃይል ወደ አንድ ወገን ስለሚገፋው ክፍተቱ ሳይናጋ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። የሊንክ መላላት ጆሮ ያሰለቻል፤ ቢበጠስ እንኳ መኪናዋ ይበልጥ ታጋድላለች እንጂ ጎማዋ ቦታውን አይለቅም። ቦል ጆይንት ከተላቀቀ ግን ጎማው ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ መሪው ትርጉም ያጣል። ይህ በሸማ ተራ በእግረኛ ፍጥነት ቢሆን የሚያስከትለው የመንገድ መዘጋት ነው፤ ቤተሰብ ተሳፍሮ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ወይም በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ ቢሆን ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በድምፅ ምክንያት የገባች መኪና ሁሉ፣ የድምፁ ምንጭ የትም ይሁን፣ ቦል ጆይንቶቿና የታይ ሮድ ጫፎቿ ሳይፈተሹ መውጣት የለባትም። ለቦሎ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የተቀደደ መከላከያ ጎማ ግን አንድ ክረምት ይበቃዋል።

የሲጥሲጥታ ፍለጋ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የተጠረጠሩትን ቡሾች አንድ በአንድ በውሃ አርሶ ከእያንዳንዱ በኋላ የመኪናውን ጥግ ወደ ታች መጫን ነው፤ ድምፁ የጠፋበት ቡሽ ተገኘ ማለት ነው። ውሃው ሲደርቅ ድምፁ ይመለሳል፤ ይህም ማረጋገጫ እንጂ ጥገና አለመሆኑን ያስታውሳል። በውሃው ፋንታ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። የተፈጥሮ ጎማ በማዕድን ዘይት ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ይፈራርሳል። የተገኘው ፀጥታ የጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።

ጥገናው

ትክክለኛው ክፍል ተገኝቶ አዲስ ከተገዛ በኋላም ሥራው የሚበላሽበት አንድ ቦታ አለ፤ በእኔ ግምት ተመላልሶ ለሚመጣ ድምፅ ከዕቃው ጥራት ይልቅ ይህ ቦታ ይበልጥ ተጠያቂ ነው። የታችኛው ክንድ ቡሽ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የተጣበቀ ጎማ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛው ቀለበት ከመኪናው አካል ጋር ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ የሚንቀሳቀሰው ጎማው በመጠማዘዙ ብቻ ነው፤ የሚንሸራተት ነገር የለም። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ ካሰረ ጎማው ያለ ጭንቀት የሚያርፍበት አቋም የተንጠለጠለው አቋም ይሆናል። ክንዱ 35 ሳንቲ ሜትር ቢረዝምና ጎማው በተንጠለጠለበትና በቆመበት መካከል 9 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢኖር፣ መኪናው ሲወርድ ቡሹ በቆመበት 15 ዲግሪ ያህል ተጠምዝዞ ይቀራል። ገና ሳይነዳ ተጨንቋል፤ ጉብታ ሲገጥመው ከዚያ በላይ ይጠማዘዛል፤ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ባለመኪናው «የገዛሁት ዕቃ አልረባም» ይላል፤ ነጋዴውም መካኒኩን ይወቅሳል።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ብሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያያዛሉ፤ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ይወርዳል፤ የፊት አካሉ ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ እንዲረጋጋ ይደረጋል፤ ከዚያ በጉድጓድ ውስጥ ሆኖ፣ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ መፍቻ፣ አምራቹ በጥገና መጽሐፉ በወሰነው ልክ ይጠበቃል። ጉድጓድ የሌለው ጋራዥ ክንዱን በክሪክ ወደ ቆመበት ከፍታ አንሥቶ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። የስታቢላይዘር ማሰሪያ ቡሾችም በዚሁ ሥርዓት ይታሰሩ።

ስለ ዕቃው ምርጫ ብዙ አልልም። ያገለገለ የብረት ክፍል ስንጥቅና መታጠፍ ከሌለው ሊሠራ ይችላል፤ ያገለገለ ቡሽና ቦል ጆይንት ግን መግዛት አያዋጣም። ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይደርቃል፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የቆየው ጭምር። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰነጣጠቅ፣ ሲያጥፉት ነጣ የሚል ጎማ ገና ሳይገጠም አርጅቷል። ክንዱ ወይም ታይ ሮዱ ከተቀየረ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ የግድ ነው፤ ያለዚያ የተረፈው ገንዘብ በጎማ መበላት ይወጣል።

ሊመጣ ያለው ድምፅ

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በከተማችን እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ ከእነርሱም ውስጥ ሰባት ሰው የሚይዘው ፎልክስዋገን አይዲ.6፣ ይህን ጉዳይ በሁለት ወገን ያባብሱታል። ሞተር ይሸፍነው የነበረው ትንሽ ድምፅ ሁሉ ይሰማል፤ ስለዚህ ባለመኪናው ቀድሞ ይመጣል፤ ይህ ለደኅንነት መልካም ነው። በአንጻሩ ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ ከፍተኛ ክብደት ስለሚጨምር ቡሾቹና ቦል ጆይንቶቹ የሚሸከሙት ኃይል ይበዛል። በተጨማሪም ፍጥነት ሲቀነስ ሞተሩ ኃይል መልሶ ስለሚሰበስብ፣ መርገጫው በተለቀቀና በተረገጠ ቁጥር የክንዱ ቡሽ ላይ ያለው ጭነት አቅጣጫ ይቀይራል፤ በመርካቶ አካሄድ ይህ በቀን እጅግ ብዙ ጊዜ ነው። ከላይ በኮብልስቶን ላይ ፍሬን በመርገጥ እንዲደረግ የተጠቆመው ሙከራም በእነዚህ መኪኖች እንዳለ አይሠራም፤ መርገጫው በቀላሉ ሲነካ የሚቀንሰው ሞተሩ እንጂ የፍሬን ሸራው ላይሆን ይችላልና። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ኃይል መልሶ የመሰብሰቡ ደረጃ በተቻለ መጠን ዝቅ ይደረግ፤ ሸራው በእርግጥ ዲስኩን መያዙ ካልተረጋገጠ ውጤቱ በመዝገቡ ላይ አይግባ።